ትርንጎን የነካ እጅ

ደመናው ከወደ ቦሬ ጠቁሮ ሲመጣ የነገሌ ባጃጅ ነጂዎች አንድ ልማድ አላቸው። ከአሮጌው የጦር ካምፕ አጥር ጀርባ ብቻውን ከቆመው ጥድ ሥር ይኮለኮላሉ። እኔም አንድ ልማድ አለኝ፤ ምርኩዜን ይዤ እወጣና እጮህባቸዋለሁ። «ውጡ ከዚያ! ቤት ግቡ! ቤት ካጣችሁ ሚኒባስ ውስጥ ገብታችሁ መስኮቱን ዝጉ!» እላለሁ። እነሱ ይስቃሉ። «ነርሷ እማማ መጡ» ይባባላሉ። ባለፈው በልግ አንዱ፣ ምላሱ የማያርፍ ጎረምሳ፣ «እማማ፣ ጥዱን ገዝተውታል እንዴ?» አለኝ። እህቴ የሞተችው እዚህ ነው አልኩት። ሳቁን ቢተውም ንቅንቅ አላለም፤ ከመብረቁ ይልቅ ልብሱ እንዳይረጥብ ነበር የፈራው።

አልፈርድበትም። ጥዱ ደህና ጥላ አለው። ከላይ ከቅርንጫፉ ተነስቶ እስከ ሥሩ የሚወርድ፣ ቅርፊት ያልበቀለበት መስመር ግንዱ ላይ ይታያል፤ ልጆቹ መጥረቢያ የነካው ይመስላቸዋል። መስመሩ የወጣበት ዕለት እኔ እዚያ ነበርኩ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ሁሉንም በዓይኔ አየሁ፤ ካየሁት ውስጥ ግን አንዱም በትክክል አልገባኝም።

በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። አባቴ አሥር አለቃ ሸዋንግዛው ሞያሌ ድንበር ላይ ተመድቦ ስለነበር በካምፑ የመስመር ቤት የምንኖረው ሦስት ነበርን፤ እናቴ ሐረገወይን፣ እህቴ ትርንጎና እኔ፣ እሙሽ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሐረር የመጣው ወታደር ሁሉ ሚስትና ልጁን ይዞ በአንድ ረጅም ቆርቆሮ ሥር፣ በስስ ግድግዳ ተለያይቶ ይኖር ነበር። አንዱ ቤት ሲያስነጥሱ ከወዲያኛው ቤት «ይማርሽ» ይባላል። ከእኛ ቀጥለው ያሉት ባሻ አሸቱ ነበሩ፤ የካምፑን ጄኔሬተር የሚያስነሱትና የሚያጠፉት እሳቸው ናቸው። ስለ ኤሌክትሪክ የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ስለነበሩ በዚህ ጉዳይ ሻምበሉ እንኳ የእሳቸውን ቃል ይሰማ ነበር።

ትርንጎ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ፍንጭት ናት፤ ስትስቅ የምላሷን ጫፍ በፍንጭቷ ብቅ ታደርግ ነበር። ጸጉሬን የምትሠራኝ፣ ገላዬን የምታጥበኝ፣ እናቴ ስትቆጣ ከጀርባዋ የምትደብቀኝ እሷ ናት። ማታ ስንተኛ እጇን ካልያዝኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። መዳፏ በልብስ ሳሙና የሻከረ ነበር። እስከ ዛሬ ሸካራ እጅ ያለው ሰው ሲጨብጠኝ እጁን ቶሎ አልለቅም።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ሲቃረብ አባቴ በአንድ የጭነት መኪና ሹፌር እጅ ዕቃ ላከልን። ከኬንያ በኩል የተሻገረ ስኳርና ሻይ ቅጠል፣ ለእኔ ብስኩት በቆርቆሮ፣ ለእናቴ ሽታው የሚያውድ የገላ ሳሙና፣ ለትርንጎ ደግሞ ዙሪያውን ዘርፍ ያለው ደማቅ ቀይ ሻሽ። ትርንጎ አሰረችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አሰረችው፤ ከመስታወቱ ፊት የሚያነሳት ጠፋ። እናቴ ሳሙናውን በእጇ እንደያዘች ሻሹን አየችና ፊቷ ጠቆረ። «ሌላ ቀለም አጣ?» አለች።

እኔ እዚያው ፍርዴን ሰጠሁ። እናቴ ቀንታለች። ለእሷ ሳሙና መጥቶ ለትርንጎ ሻሽ ስለመጣ ነው የቀናችው። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ስለ ሰው ልብ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም።

ወተት የምታመጣልን ስንቄ የምትባል የጉጂ ኦሮሞ ሴት ነበረች። ጠዋት በራችን ላይ ስትደርስ «አካም ቡልቴ፣ ሃዳ ትርንጎ?» ትላለች፤ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው። በእነሱ ዘንድ ሴትን በልጇ ስም መጥራት ክብር ስለሆነ እናቴ ለስንቄ አንድም ቀን ሐረገወይን ሆና አታውቅም፤ የትርንጎ እናት ናት። እናቴ በጎጃም ቅላፄዋ «ናጋ፣ ናጋ» ብላ ስትመልስ እኔና ትርንጎ አፋችንን ይዘን እንስቅ ነበር።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ስንቄ ባዶ ቅሏን ልትወስድ መጥታ ደመና ያዛት። ሰማዩ ጠቁሮ፣ አየሩ ከብዶ፣ የካምፑ ውሾች ከአልጋ ሥር ገብተው ነበር። እናቴ ሁልጊዜ ደመና ሲመጣ የምታደርገውን ማድረግ ጀመረች። መስታወቱን በነጠላ ሸፈነች። ቢላዋውንና መጥረቢያውን ወደ ውጭ ወረወረች። እኔን ከመስኮቱ ጎትታ ወሰደችኝ። ስንቄ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ለራሷ ትጸልያለች፤ «ያ ዋቃ፣ ናጋን ኑ ኦልቺ» ትላለች፤ አምላክ ሆይ፣ በሰላም አውለን ማለቷ ነው።

ይህን ጊዜ ትርንጎ ከጓዳ ወጣች። ሻሹን አስራዋለች።

«አውልቂው!» ብላ እናቴ ጮኸች።

«እማዬ፣ አሁን እኮ ነው ያሰርኩት...»

«አውልቂው አልኩሽ! ይኼን ቀይ ነገር ከቤቴ አውጪልኝ! አርቀሽ ወስደሽ ጣዪው!»

«ዲሲ፣ ሃዳ ትርንጎ» አለች ስንቄ። «ተዪ እባክሽ። ዝናብ መጣ እኮ። ልጅቷ አሁን የት ትሄዳለች?»

«አንቺ አታውቂም ስንቄ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ» አለች እናቴ።

ምን እንዳየች አባቴ ካረጀ በኋላ ነገረኝ። ጎጃም፣ እናቴ ገና ልጃገረድ ሳለች፣ ታላቅ ወንድሟ በላይነህ ከገበያ ሲመለስ ዝናብ ይዞት ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ይጠለላል። ቀይ ጥለት ያለው ኩታ ለብሶ ነበር። እናቴ እያየችው መብረቅ መታው። አንድ ጎረቤት ሊያነሳው ሮጦ ገና ሲነካው እሱም እዚያው ወደቀ። በመካከሉ ሌላ መብረቅ መውረዱን ያስተዋለ የለም። ሁለቱም አንድ ዛፍ ሥር መሆናቸውንም ያስተዋለ የለም። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ቀይ ነገር መብረቅ ይጠራል፣ መብረቅ የመታውንም የነካ ይሞታል እያለ ወደ ቤቱ ሄደ። እናቴ ይህን ይዛ አግብታ፣ ወልዳ፣ ነገሌ ድረስ መጣች። ፊቷ የጠቆረው በቅናት አልነበረም። ሻሹ ትርንጎ ራስ ላይ ሲታሰር ያየችው ወንድሟን ነበር።

ትርንጎ እያጉረመረመች ወጣች። እኔ በበሩ ስንጥቅ አየኋት። ሻሹን አልጣለችውም። አባቷ የላከላትን እንዴት ትጥለው! ወደ ጥዱ ሮጠች። ጥዱ ግንዱ ላይ እኔና እሷ ብቻ የምናውቀው ሽንቁር ነበረው፤ ዘርፉ እንዳይጨማደድ በጥንቃቄ አጣጥፋ እዚያ አስገባችው። ጊዜ ወሰደባት። ትላልቅ ጠብታዎች መውደቅ ጀምረው አቧራውን ይበሱት ነበር። ዞር ስትል አየችኝ። ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ እንዳትነግሪያት የሚል ምልክት ሰጠችኝና የምላሷን ጫፍ በፍንጭቷ ብቅ አደረገች።

ከዚያ ሁሉ ነገር ነጭ ሆነ። ሌሎቹ ካምፑ ተናወጠ፣ ቆርቆሮው ጮኸ ይላሉ፤ እኔ የማስታውሰው ነጩን ብቻ ነው። ዓይኔ ሲመለስልኝ የተጫረ ክብሪት የመሰለ ሽታ ሸተተኝ። ከጥዱ ግንድ ላይ ጭስ ይወጣል። ትርንጎ ሥሩ ተጋድማለች። አንድ ጫማዋ ወልቆ ራቅ ብሎ ወድቋል። ደም የለም፣ ቁስል የለም። እንቅልፍ የወሰዳት መሰለኝ።

በሩን ገፍቼ ሮጥኩና እጇን ያዝኩ። ሁልጊዜ ስንተኛ እንደምይዘው አድርጌ ያዝኩት። «ትርንጎ፣ ተነሺ፣ ዝናቡ መጣ» አልኳት።

«አትንኳት! እንዳትነኳት!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ባሻ አሸቱ ናቸው፤ የመጥረጊያ እንጨት ይዘው እየሮጡ ነበር። «ኤሌክትሪኩ አልወጣላትም!» አሉና እጄን በእንጨቱ መቱኝ። እንደገና መቱኝ። ያጠፋሁት ነገር ሳይገባኝ እጇን ለቀቅኩ። ባሻ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። አንድ ወታደር በጄኔሬተሩ ሽቦ ተይዞ፣ ሊያላቅቀው የያዘው ጓደኛውም አብሮት ሲንቀጠቀጥ አይተዋል፤ ያን ጊዜ በደረቅ እንጨት መትተው ያላቀቋቸው እሳቸው ነበሩ። እኔንም ያዳኑኝ መስሏቸው ነው።

እጄን እያሻሸሁ ቀና ስል እናቴን አየኋት። በራችን ላይ ቆማለች። ስንቄ ከኋላዋ እቅፍ አድርጋታለች። ዝናቡ ወርዶ የካምፑን ቆርቆሮ ሁሉ ይደበድብ ስለነበር ድምፅ አይሰማም፤ የእናቴ አፍ ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታየኛል። ሁለት ሴቶች ተቃቅፈው፣ ዝናብ በማያገኛቸው ቦታ ቆመው ያዩናል። እናቴ አልመጣችም። ትርንጎ መሬት ላይ ወድቃ፣ ዝናቡ አፏ ውስጥ እየገባ፣ እናቴ አልመጣችም።

ያ ስዕል ውስጤ ተተክሎ ቀረ።

ወታደሮቹ አካፋና ዶማ ይዘው መጡ። ባሻ ያዛሉ። «ጉድጓድ ቆፍሩ! መሬት ነው የሚስብላት! ፍጠኑ!» አፈሩ ቀይ ነው፤ በዝናቡ ረጥቦ ጭቃ ሆኖ ነበር። ማንም በባዶ እጁ ሳይነካት በዝናብ ካፖርት ጠቅልለው አነሷት፤ ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ አድርገው እስከ አንገቷ አፈር ሞሉባት። ያ ሁሉ ሰው የቆመው ከዚያው ጥድ ሥር ነበር። ሰማዩ ገና ያጉረመርማል፣ ብልጭታው አልቆመም፣ በእጃቸው ያለው ብረት ነው፤ ከዛፉ እንራቅ ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

ከዚያ አንዱ ወታደር ወደ እኔ ጠቆመ። «ይቺም ነክታታለች እኮ!»

ከትርንጎ አጠገብ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍረው እኔንም እስከ ደረቴ ቀበሩኝ። እጇን ስለያዝኩ የተቀጣሁ መሰለኝ። ጭቃው ይቀዘቅዛል። «ባሻ፣ አውጡኝ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» እያልኩ አለቀስኩ።

«አይዞሽ የኔ ልጅ» አሉኝ፤ የእሳቸውም ዓይን ቀልቶ ነበር። «ቅጣት አይደለም። መሬቱ እየሳበልሽ ነው። ትንሽ ታገሺ።»

ትርንጎና እኔ ትይዩ ሆንን። ፊቷ ከፊቴ ብዙ አይርቅም። ጸጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ ዝናቡ በቅንድቧ ይወርዳል። ባሻ እየሳበልሽ ነው ሲሉኝ ነገሩ ገባኝ አልኩ፤ ሁለታችንንም መሬቱ ሲጨርስ አብረን እንወጣለን፣ እናቴም ታጥበናለች። ስለዚህ ማልቀሴን ትቼ እህቴን አወራኋት። ሻሹን አልነገርኩባትም አልኳት።

ይኼኔ ትርንጎ አፏን ከፍታ አየር ሳበች። አንድ ረጅም፣ የሚያንኮራፋ ትንፋሽ።

«ተነፈሰች!» ብዬ ጮኽኩ። «ባሻ! ትርንጎ ተነፈሰች!»

«ተመስገን! እየወጣላት ነው!» አሉ ባሻ። የቆመው ሁሉ አማተበ። «አትነካኩ፣ ሥራውን ይጨርስ» አሉ። ሁላችንም በደስታ ጠበቅን። ትርንጎ እንደገና አንድ ትንፋሽ ሳበች። ከዚያ ቆየች። ከዚያ ደግሞ አንድ፣ በጣም ትንሽ። እኔ ሦስተኛውን ካየሁ በኋላ አራተኛውን እየጠበቅኩ ነበር።

ነርሲንግ ስማር አንድ መምህር ስለ ድንገተኛ አደጋ ሲያስተምሩን መብረቅ ላይ ደረሱ። መብረቅ የመታው ሰው ገላ ውስጥ ምንም ኤሌክትሪክ አይቀርም አሉ። ወዲያው ንኩት። ብዙ ጊዜ ልቡ ቆሞ በራሱ ይነሳል፣ ትንፋሹ ግን ይዘገያል፤ ስለዚህ በአፋችሁ ትንፋሽ ስጡት፣ ልቡም ካልመታ ደረቱን ተጫኑ። አልፎ አልፎ እንደ ማንኮራፋት አድርጎ አየር ቢስብ ዳነ ብላችሁ እንዳትተዉት፣ ያ ትንፋሽ አይደለም፤ እርዱኝ ማለቱ ነው አሉ። እጄን አውጥቼ ፈቃድ ጠየቅኩና ወጣሁ። ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ተንበርክኬ የትርንጎን ሦስት ትንፋሾች ቆጠርኩ። እርግጠኛ ሆኜ ትድን ነበር አልልም፤ ብዙ ሰው አይድንም። ግን አሥር የምንሆን ሰዎች፣ ሁላችንም የምንወዳት፣ ደረቷ ላይ ቀይ ጭቃ ጭነን ቆመን ነበር።

እናቴ የመጣችው ዝናቡ ሲያባራ ነው። ባሻ «ትንሿ ነጽታለች፣ አውጧት» ሲሉ ነው የመጣችው። የመጣችው ወደ እኔ ነው። አካፋ አልጠበቀችም፤ ጭቃውን በጥፍሯ ጫረችው፣ ጎትታ አወጣችኝ፣ ፊቴን በቀሚሷ ጠረገችው። እጄን አገላብጣ አየችው፤ ጣቴን አንድ በአንድ አጥፋ ዘረጋችው። ያን ሁሉ ስታደርግ ጀርባዋን ለትርንጎ ሰጥታ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አላለችም።

«ትርንጎንስ?» አልኳት። «ትርንጎን ለምን አታወጪያትም?»

ፊቴን ደጋግማ ትጠርጋለች፤ ፊቴ ከጸዳም በኋላ ትጠርጋለች።

በማግስቱ ቀበርናት። አባቴ ከሞያሌ የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው፤ አቧራ እንደለበሰ ሄዶ ከጥዱ ሥር ተቀመጠና ሰው እስኪያነሳው ተቀመጠ። ሻሹን ከሽንቁሩ ያገኘው እሱ ነው። ግንዱ ከላይ እስከ ታች ተልጦ፣ ቀዩ ሻሽ እንደታጠፈ፣ አንድ ክር ሳይነካው ነበር። መብረቅ ከቀለም ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ከፍ ያለውንና ብቻውን የቆመውን ነው የሚፈልገው፣ ከሥሩ የተጠጋውንም አብሮ ያገኘዋል። ያን ቀን ቤት ውስጥ የቀረነው ሦስታችን ምንም አልሆንንም። እናቴ ሻሹን ተቀብላ ሣጥኗ ሥር ከተተችው።

ከዚያ በኋላ ከእናቴ ጋር አልተኛሁም። ስትጠራኝ እዘገያለሁ፣ ስትስመኝ ፊቴን አዞራለሁ። በዚያው ዓመት ወንድሜ ተወለደና አዳነ አለችው፤ ትርንጎን በሌላ ልጅ የተካችብኝ መሰለኝ። ስንቄ ወተት ይዛ ስትመጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሩ ላይ ቆማ ምን ብላ እንደምትጣራ ጠፍቷት ነበር። እናቴ ከውስጥ ሰማቻትና «እንደ በፊቱ ጥሪኝ» አለቻት። ስንቄ እስክትሞት «ሃዳ ትርንጎ» ስትላት ኖረች።

ነርስ ሆኜ ነገሌ ክሊኒክ ስመደብ ስንቄ አርጅታ ለመርፌ መጣች። እጅጌዋን ስጠቀልል ክንዷ ላይ ተርታውን የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ጠባሳዎች አየሁ። ሁለቱም ክንዷ ላይ ነበሩ።

«ይኼ ምንድን ነው እማማ ስንቄ?»

«እናትሽ ናት» አለችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። «ትርንጎ የወደቀች ቀን። ልሂድ አለች፣ እኔ ያዝኳት። ቧጠጠችኝ፣ ነከሰችኝ። ‹ልቀቂኝ፣ አብሬያት ልሙት› አለች። ባሻ እንዳትለቂያት ብሎኛል። ሆዷ ውስጥ ልጅ ነበር፣ ከእኔ ሌላ አያውቅም ሰው። እንዴት ልልቀቃት? ያ ዋቃ፣ እንዴት ጉልበት ነበራት!» ክንዷን ሳብ አድርጋ ጠባሳውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። «ጥሩ አድርጌያለሁ አይደል? አዳነ ይኸው ትልቅ ሰው ሆነ።»

«ጥሩ አድርገዋል» አልኳት። መርፌውን ወግቻት እጅጌዋን መለስኩላት። ማታ ቤት ገብቼ እናቴ እግር ሥር ተቀመጥኩና ራሴን ጭኗ ላይ አደረግኩ። ጸጉሬን መፍታት ጀመረች።

መምህሩ ያሉትን ግን አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ? ለአባቴም፣ ለስንቄም፣ ለባሻም ሳልነግር ሁሉም ሄዱ። በቤታችን ደመና በመጣ ቁጥር እናቴ አልጋ ላይ ሆና «መስታወቱን» ትል ነበር፤ እኔ የተማርኩት ሴትዮ ተነስቼ በነጠላ እሸፍንላት ነበር።

ከመሞቷ በፊት በነበረው በልግ አንድ ቀን ከሰዓት እንዲሁ ሆነ። አዳነ ልጆቹን ይዞ ሲጠይቃት ውሎ ገና መሄዱ ነው። መስታወቱን ሸፍኜ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ።

«እሙሽ» አለችኝ። «አንቺ ተምረሻል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ጠይቂኝ እማዬ።»

«ያን ቀን ስንቄ ብትለቀኝና ትርንጎን ብነካት ኖሮ እሞት ነበር?»

ይህን ጥያቄ ስፈራው ኖሬያለሁ፤ መልሱንም ካዘጋጀሁ ቆይቷል። እውነቱን ብነግራት በዚህ ዕድሜዋ ምን ታደርገዋለች? ልጇ ያለ ምክንያት ጭቃ ውስጥ እንደቀረች ይዛ ትሙት?

«አዎ እማዬ» አልኩ። «ትሞቺ ነበር። አዳነም አብሮሽ ይሄድ ነበር። ስንቄ ደግ ሠርታለች።»

እፎይ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«አንቺ ግን ነክተሻት ነበር» አለች።

ብርድ ልብሷን ወደ ላይ ሳብኩላት።

«ነክተሻት ነበር። ከጉድጓዱ ሳወጣሽ ምንም አልሆንሽም፤ ጣትሽን ሁሉ አይቻለሁ። ያኔውኑ ገባኝ እሙሽ። ፊትሽን እየጠረግኩ ገባኝ። ዞር ብዬ ላያት ያቃተኝ ለዚያ ነው።»

«ታዲያ አሁን ለምን ጠየቅሽኝ እማዬ?» እንባዬ አገጬ ላይ ደርሶ ነበር።

«ዛሬም ተቀይመሽኝ ከሆነ እውነቱን ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው። ዋሸሽልኝ።»

ቆርቆሮው ይጮሃል።

«ሲገንዟት ነካኋት» አለች። «ቀዝቅዛ ነበር። አንቺ ከሁላችንም በፊት ነክተሻታል። ሞቃት ነበረች?»

ይኼን መዋሸት አልቻልኩም።

«ሞቃት ነበረች እማዬ። ሁልጊዜ ስንተኛ እንደምትሞቀው።»

«በየትኛው እጅሽ ነው የያዝሻት?»

ቀኝ እጄን ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀብላ ከጉንጯ ሥር አደረገችውና ዓይኗን ጨፈነች። ዝናቡ እስኪያባራ አልለቀቀችውም።